ስለ ጳጳሱ አምባሳደር ጠይቁኝ (ቪዛ አይጨምርም)

ጋሽ መምህር፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ባለፈው «የቫቲካን አምባሳደር ሥራው ቅዳሴ ነው ፖለቲካ?» ብላችሁ ስትነታረኩ ነበር። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ጉዳዩን ለዓመታት ተከታትዬዋለሁ። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ደግሞ አምባሳደሩን የሚልከው ቅድስት መንበር እንጂ ቫቲካን አይደለም።

ጣና ዳር፦ ጋሼ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?

ጋሽ መምህር፦ አይደሉም። ቅድስት መንበር ማለት የካቶሊኮች ሁሉ አለቃ የሆኑት የሮሙ ጳጳስ ሥልጣን ነው። የቫቲካን ከተማ በ1929 በላተራን ስምምነት የተቋቋመች ትንሽዬ አገር ናት። ጣሊያን በ1870 ሮምን ስትይዝ ጳጳሱ ግዛት አልቀራቸውም። 59 ዓመት እንደዚያው ቆዩ። አምባሳደር መላክና መቀበል ግን አላቋረጡም። መሬት ሳይኖር ዲፕሎማሲ! ዛሬ ከ180 በላይ አገሮች ጋር ግንኙነት አላቸው። አምባሳደሩ ኑንሲዮ ይባላል፤ በላቲን «መልእክተኛ» ማለት ነው።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ የሮም ቪዛ ያሰጣል?

ጋሽ መምህር፦ አያሰጥም። ጣሊያን ኤምባሲ ሂድ።

ዘጌ ቡና፦ እሺ፣ ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?

ጋሽ መምህር፦ ሁለት ነው። አንዱ ከመንግሥት ጋር ነው። እንደማንኛውም አምባሳደር የሹመት ደብዳቤውን ለርዕሰ ብሔሩ ያቀርባል፣ ይደራደራል፣ ለሮም ይጽፋል። አዲስ አበባ ያለው ጅቡቲንም ደርቦ ይዟል።

ሁለተኛው ሌላ አምባሳደር የሌለው ነው፤ ከአገሩ ካቶሊኮች ጋር የሚሠራው። በላቲን ሥርዓት በሚቀድሱት ካቶሊኮች ዘንድ የአንድ ሀገረ ስብከት ጳጳስ ሲጓደል ኑንሲዮው በምስጢር ያጠያይቃል። ከዚያ የሦስት ሰው ስም ከራሱ አስተያየት ጋር ወደ ሮም ይልካል። ሿሚው ግን የሮሙ ጳጳስ ናቸው። በግዕዝ ሥርዓት በሚቀድሱት ዘንድ፣ ለምሳሌ በ2015 በተቋቋመው የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት፣ ቢያንስ ሦስት እጩ መርጦ ለሮም የሚያቀርበው የራሳቸው የጳጳሳት ጉባኤ ነው። ስለዚህ ኑንሲዮ የጳጳሳት አለቃ አይደለም። አይደለም!

የፖሊው ልጅ፦ በሱስንዮስ ጊዜ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝስ ኑንሲዮ ነበር አይደል?

ጋሽ መምህር፦ ይኸው መጣ! ሁሌ የምትቀላቅሉት ይህንን ነው። ሜንዴዝ በ1625 የመጣው በሮም የተሾመ ፓትርያርክ ሆኖ ነው። ኑንሲዮ እንግዳ ነው፤ ደብዳቤውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ፓትርያርክ ግን ቤቱን ሊረከብ ነው የሚመጣው። ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ አለ። የተካነውን ቄስ እንደገና ይካን አለ። አገር በደም ታጠበ። አጼ ሱስንዮስ በ1632 የኦርቶዶክስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱ፤ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። ከሜንዴዝ በፊት የነበረው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ብልህ ሰው ነበር። አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ ቀስ ብሎ ነው ቤተ መንግሥት የገባው። በ1622 እዚሁ ጎርጎራ ሞተ።

የፖሊው ልጅ፦ የዓባይን ምንጭ ያገኘው እሱ አይደል? በ1618።

ዘጌ ቡና፦ አገኘው?! የሰከላ ሰው ከዚያ በፊት ዓይን አልነበረውም?

ጣና ዳር፦ 😂 አያቴ ግሽ ዓባይ ጠበል ስትሄድ ፓኤዝን አላስፈቀደችም።

የፖሊው ልጅ፦ ጽፎ ያስቀረው እሱ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው።

ዘጌ ቡና፦ ገዳማቱ ብራና የሞላቸው ምን ሊጽፉ ነበር ታዲያ?

ጋሽ መምህር፦ በቃ! ከአውሮፓውያን መጀመሪያ «አየው» በሉና እረፉ። ወደ ጉዳያችን።

ጣና ዳር፦ የቫቲካን አምባሳደር በስብሰባ ለምን ፊት ይቀመጣል?

ጋሽ መምህር፦ የቅድስት መንበር! የ1815ቱ የቪየና ጉባኤ ያጸደቀው ልማድ ነው። የ1961ዱ የቪየና ስምምነትም ልማዱን አልነካውም። ብዙ የካቶሊክ አገሮች ኑንሲዮውን የአምባሳደሮች ሁሉ አንጋፋ ያደርጉታል። ሌሎች ቀድሞ የመጣውን ያስቀድማሉ።

ሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ችግር ሲመጣስ ምን ይሠራል?

ጋሽ መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ልጄ። በ1989 አሜሪካ ፓናማን ስትወር የፓናማው ገዥ ኖሬጋ ኑንሲዮው ቤት ገብቶ ተደበቀ። ወታደሮቹ ግቢውን ከበቡ። መግባት ግን አይችሉም፤ ኤምባሲ አይደፈርም። ቀን ከሌት የሮክ ሙዚቃ ለቀቁበት። ኑንሲዮው ላቦአ አሳልፎ አልሰጠውም፤ ሲያግባባው ሰንብቶ በአሥረኛው ቀን ሰውዬው ራሱ ወጣ። ሁሉም ግን እንዲህ አያምርም። በ2003 በቡሩንዲ የነበረው ማይክል ኮርትኒ መንገድ ላይ በጥይት ተገድሏል።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ደሞዙ ስንት ነው?

ጋሽ መምህር፦ ቀጣይ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ አሁን ነው የገባሁት። ኑንሲዮ ምንድን ነው?

ጋሽ መምህር፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ሽምብጥ፦ ባሕር ዳር ቢመጣ ዓሣ ማን ይጋብዘዋል?

ጋሽ መምህር፦ እኔ፣ ጾም ካልሆነ።

ዘጌ ቡና፦ ዓሣ በጾም ይበላል እኮ ጋሼ!

የፖሊው ልጅ፦ ማን አለህ? አይበላም!

ጋሽ መምህር፦ እኔ ልተኛ ነው።