በገዛ መኪናችሁ ስልጠና ስትገቡ፦ የእናንተ ጥያቄ፣ የእኔ መልስ

ባለፈው ስለ መኪና መቆጣጠር ስልጠና ጽፌ ነበር። ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስታውስ። ሰው የራሱን መኪና ይዞ ወደ ተዘጋ ሜዳ ይሄዳል። አሰልጣኝ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፍሬን እስከ መጨረሻው መርገጥን፣ ድንገት የመጣ እንቅፋት መሸሽን፣ የተንሸራተተች መኪና መመለስን ያለማምደዋል። ውድድር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ መጥቶልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 14 ዓመቴ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አደጋ አልገጠመኝም። ይሄ ስልጠና ለእኔ ምን ይጨምርልኛል?

እንኳንም አልገጠመዎት። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በ14 ዓመት ውስጥ ፍሬን ባለዎት ጉልበት ሁሉ ረግጠው ያውቃሉ? አብዛኞቻችን ረግጠን አናውቅም። በየቀኑ ለስለስ አድርገን ነው የምንይዘው፤ ጥሩ ነጂም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ግን ከቆመ አውቶቡስ ፊት ሰው ድንገት ብቅ ያለ ዕለት፣ እግራችን የሚያመጣው የለመደውን ያንኑ ለስላሳ አረጋገጥ ነው።

በራሴ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ዙር በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገባሁ። ለምልክት የተተከሉት የፕላስቲክ ኮኖች ጋ ስደርስ ረገጥኩ። ጠንክሬ የረገጥኩ መስሎኝ ነበር። አሰልጣኙ ወርዶ ርቀቱን በእርምጃው ቆጠረ። ተመልሶ ገባና «አሁን ፔዳሉን ልትሰብሪው እንደፈለግሽ ርገጪው» አለኝ። በሁለተኛው ዙር ቀበቶው ደረቴ ላይ ከረረ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የነበረ እስክሪብቶ መስታወቱን መትቶ ወደቀ። መኪናዋ ከበፊቱ ቦታ ስድስት እርምጃ ቀድማ ቆመች። መኪናዋ ያቺው፣ ጎማው ያው፣ አስፋልቱም ያው ነው። ልዩነቱ እግሬ ብቻ ነበር።

ቁጥሩን ለሚፈልግ፦ በደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ ጎማ ያላት መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደች ፍሬኑ በደንብ ከተረገጠ በ12 ወይም በ13 ሜትር ውስጥ ትቆማለች። በ100 ከሆነ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ አይተን እስክንረግጥ የምታልፈውን አንድ ሴኮንድ ሳንጨምር ነው። በዚያች ሴኮንድ ብቻ በ50 ፍጥነት 14 ሜትር እንሄዳለን።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እግሬ ስር ተንቀጠቀጠ። ግርርር የሚል ድምፅም ሰማሁ። ደንግጬ እግሬን አነሳሁ። መኪናዬ ተበላሽታ ይሆን?

አልተበላሸችም፣ እህቴ። የሰማሽው ኤቢኤስ ሥራውን ሲሠራ ነው። ጎማ በፍሬን ተቆልፎ መዞሩን ካቆመ መሪ አይታዘዝም፤ መሪውን ወዴትም ብታዞሪው መኪናዋ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። ኤቢኤስ ጎማው ሊቆለፍ ሲል ለቀቅ፣ መልሶ ያዝ ያደርገዋል። ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚያደርገው ነው እግርሽ መንቀጥቀጡ የተሰማው። ለሽያጭ በቀረቡ መኪኖች ላይ በዛሬ መልኩ መገጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ዛሬ አብዛኞቹ መኪኖች አላቸው።

እግርሽን ማንሳትሽ ግን ያሳስበኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ ይበልጥ ርገጪው እንጂ አትልቀቂው። ድሮ እንደተማርነው ረገጥ ለቀቅ ማድረግም አያስፈልግም፣ እሱን መኪናዋ ራሷ እየሠራችው ነው። ለዚህ ነው በገዛ መኪና መሠልጠን የምወደው። ያንን ንዝረት በራስሽ ፔዳል ላይ አሥር ጊዜ ካገኘሽው በአሥራ አንደኛው አያስደነግጥሽም። የሌላ መኪና ፔዳል ሌላ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኤቢኤስ ሁልጊዜ ርቀት ያሳጥራል ማለት አይደለም። በጠጠርና በልል አፈር ላይ እንዲያውም ሊያረዝመው ይችላል። ዋናው ጥቅሙ ፍሬን ይዘሽም መሪው እንዲታዘዝሽ ማድረጉ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ አሮጌ ናት፣ ኤቢኤስ የላትም። ልቅር?

አይቅሩ። እንዲያውም ከሁሉም በላይ እርስዎ ይጠቀማሉ። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ያለውን ጫፍ በእግርዎ ማወቅ አለብዎት፤ ከተቆለፈ ትንሽ ለቀቅ አድርገው እንደገና ይይዛሉ። ይሄ በወሬ አይገባም፣ በእግር ነው የሚገባው።

ከመሄድዎ በፊት ግን መካኒክ የፍሬን ዘይቱን ይይልዎት። ዘይቱ ቀስ በቀስ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከገባው ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ደጋግሞ ፍሬን መያዝ ደግሞ በጣም ያግለዋል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ስትንሸራተት «መሪውን ወደ ተንሸራተተችበት አዙር» ይላሉ። አልገባኝም። ወደ ገደሉ ልዙር ማለት ነው?

አባባሉ ብዙ ሰው አሳስቷል፣ እኔንም ጨምሮ። በመጀመሪያ የቱ ጎማ እንደተንሸራተተ መለየት ያስፈልጋል። የፊት ጎማ ከሆነ፣ መሪውን አዙረህ መኪናዋ አልታጠፍም ብላ ወደ ፊት ትሄዳለች። ያኔ ሰው በድንጋጤ መሪውን ይበልጥ ይጠመዝዛል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ አንሳ፣ መሪውን በመጠኑ መልስ፣ ጎማው መሬቱን እስኪይዝ ጠብቅ።

የኋላ ጎማ ከሆነ ደግሞ ቂጧ ወደ ጎን ይሄድና አፍንጫዋ ከመንገዱ ይወጣል። እዚህ ላይ ስለ ግራና ቀኝ አታስብ፣ ጊዜም የለህም። ዓይንህን ልትሄድበት የምትፈልገው መንገድ ላይ አድርግ። እጅህ ዓይንህን ተከትሎ መሪውን ወደዚያው ያዞራል፤ «ወደ ተንሸራተተችበት» የሚሉት አቅጣጫም ያው ነው። ልክ መስመር ስትይዝ መሪውን ቶሎ ቀጥ አድርግ፤ ከዘገየህ በሌላኛው ጎን ትወረወራለህ።

የዓይን ነገር ቀላል እንዳይመስልህ። እርጥቡ ሜዳ ላይ አንድ ኮን ብቻውን ተተክሎ ነበር፤ ግራም ቀኝም ባዶ ነው። ቡድናችን ውስጥ ካለነው ሦስታችን እሱኑ ሄደን መታነው። አሰልጣኙ «ምን እያያችሁ ነበር?» ሲል ሦስታችንም ኮኑን ነበር። ባዶውን ቦታ እያየን ስንደግመው ማንም አልነካውም።

ጥያቄ፦ ቁመቴ አጭር ነው፣ መሪው ላይ ተጠግቼ ነው የምነዳው። ያስቸግረኛል?

ስልጠናው የሚጀምረው ከወንበር ነው፣ ስለዚህ እዚያው ይስተካከልልሻል። ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ረግጠሽ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቅር። ትከሻሽ ወንበሩን ሳይለቅ የእጅሽ አንጓ የመሪው አናት ላይ ይረፍ። በደረትሽና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር፣ ለኤርባጉ ነው። ወንበሩ ከፍ የሚል ከሆነ ከፍ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ጎማና ፍሬኔን ጨርሼ አልመጣም?

የአንድ ቀን ስልጠና ጎማ አይጨርስም፤ የመንሸራተት ልምምዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእርጥብ ሜዳ ላይ ስለሆነ ጎማውን ብዙም አይበላውም። ፍሬኑ ግን ይግላል። በየዙሩ መካከል ቀስ ብለህ ነድተህ አቀዝቅዘው፣ እንደጋለ የእጅ ፍሬን ስበህ አታቁም።

ከመሄድህ በፊት ግን ጎማህን እይ። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ነው፤ መኪናዋን የያዙልህ እነዚያ አራት መዳፎች ናቸው። ንፋሱ በነጂው በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን። በብዙ አገር የሚፈቀደው ትንሹ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ከ3 በታች ይዘህ ባትሄድ ይሻላል እላለሁ። ዕድሜውን ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች ታገኘዋለህ፤ 2321 ካለ እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከመሬት ከፍ ያለች ናት። ትገለበጣለች ብዬ እፈራለሁ።

አብዛኛው መገልበጥ የሚመጣው መኪና በጎኗ እየተንሸራተተች ጎማዋ የመንገድ ጠርዝ ወይም ለስላሳ አፈር ሲያደናቅፈው ነው። የስልጠና ሜዳ ደግሞ ጠርዝ የለውም። የጣሪያውን ዕቃ አውርዱ፣ ለአሰልጣኙም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ፍጥነቱን ይቀንስላችኋል።

ጥያቄ፦ መንሸራተት የሚከላከለውን ቁልፍ ላጥፋው?

አሰልጣኙ ካላዘዘ አትንካው።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ብልከው ልቡ አብጦ ይብስበት ይሆን?

እናት ወይም አባት ከሆኑ ይህን ጥያቄ መጠየቅዎ ትክክል ነው። ስጋትዎ መሠረት አለው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1979 በሚያንሸራትት መንገድ የመንዳት ስልጠናን ለአዲስ ነጂዎች ግዴታ አድርጋ ነበር። ውጤቱ ሲጠና ወጣት ወንዶች ላይ አደጋው ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ክህሎት አገኘን ብለው ፈጥነው ነዱ። ከዚያ በኋላ ስልጠናው ትኩረቱን «እንዴት እመልሳታለሁ» ከሚለው ይልቅ «እንዴት እዚያ አልደርስም» ወደሚለው አዞረ።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አሰልጣኙን ያነጋግሩት። መኪና በጎን ስለመንዳት ብቻ የሚያወራ ከሆነ ይለፉት። ጥሩ አሰልጣኝ ልጁን በ40 ያስቆመዋል፣ ከዚያ በ60 ያስቆመዋል፣ በ40 የቆመበትን ኮን በ60 ጥሶት ሲያልፍ ያሳየዋል። ከቻሉ አብረውት ይሂዱ፣ ከኋላ ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ ይሸፍናል?

ውላችሁን አንብቡ። ብዙ ውሎች ውድድርንና በሰዓት የሚለካ መንዳትን አይሸፍኑም፤ ስልጠናን ግን አንዳንዱ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ አይሸፍንም። የስልጠናውን ዝርዝር ልካችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ምን ይዤ ልሂድ?

ጥያቄሽን ልገልብጠውና፣ ምን አውርደሽ ትሂጂ? ክሪክ፣ ስኮርታ ጎማው ካልታሰረ፣ የወንበር ትራስ፣ የልጅ መጫወቻ፣ በር ኪስ ውስጥ ያለው ሁሉ ይውረድ። የነጂው ምንጣፍ የማይንሸራተት ይሁን። ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ አድርጊ።

እኛ ጋ አንድ ሰውዬ የመጀመሪያውን ፍሬን እንደረገጠ፣ ከኋላ ወንበር ስር የውሃ ጠርሙስ ተንከባሎ መጥቶ እግሩ መካከል ገባ። ለስንት ጊዜ እዚያ እንደነበረ አያውቅም። አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ ፍሬን ፔዳሉ ስር አስገብቶ አሳየን፤ ፔዳሉ አልወርድ አለ። ከዚያ ሁላችንም ወደየመኪናችን ሄደን ወንበር ስር መፈተሽ ጀመርን።