መልስ፦ «ልዩ ትምህርት ቤት ውሰጃት» ለተባልሽው የቡሬ እናት

እህቴ፣ መስማት የተሳናትን ልጅሽን ልታስመዘግቢ መደበኛ ትምህርት ቤት ሄደሽ «ለሷ የሚሆን መምህር የለንም፤ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰጃት» ብለው መለሱሽ። መቼም ያበሽቃል። ግን ሕጉ ካንቺ ጋር ነው።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ታዲያ በአፍ አትከራከሪ። ማመልከቻ ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገቢ። ቀኑንና ቁጥሩን በቅጂሽ ላይ አስጽፊ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢታውን በማኅተም አስደግፎ የሚሰጥ ኃላፊ እምብዛም ነው! ካስቸገሩሽ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያውን አነጋግሪ። የድጋፍ መስጫ ማዕከል (ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች የሚታገዙበት ክፍል) ያለው ትምህርት ቤት በአቅራቢያሽ ካለም ጠይቂ።

መመዝገቧ ብቻ ግን አይበቃም። የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው በሌለበት ክፍል ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ለኔ ማስመሰል ነው። ያው አንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ያዛልና ይህንንም ማመልከቻው ላይ ጨምሪው። በከተማው እንደ ልጅሽ ያሉ ልጆች አይጠፉም፤ ወላጆቻቸውን ፈልገሽ አብራችሁ ፈርሙ።