ቴሌግራሙን ትተው ወደ አዲሱ ይመጡ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ የሕንፃ ዲዛይንና ቁጥጥር ቢሮ አስተባባሪ ነኝ። ሥራችን ሁሉ የሚሄደው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ፕላኑም፣ የሳይት ፎቶውም፣ የ«እንኳን አደረሳችሁ» ምስሉም እዚያው ይደራረባል። በቅርቡ በአሮጌ ፕላን የደረጃ ፌሮ ታስሮ እንደገና ተፈታ። አለቃዬ ፋይልና ሥራ በአንድ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም ሊገዛ ነው። በስብሰባ ስንጠይቅ ሁሉም «አሪፍ ነው» አሉ። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ከመክፈላችን በፊት እንደሚጠቀሙበት በምን ላውቅ?
ሳ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን «አሪፍ ነው» አትቁጠሪው። አለቃ ፊት ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል?

እኔ መጀመሪያ የማየው አዲሱ ልፋት ማን ላይ እንደሚወድቅና ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ ነው። ጆናታን ግሩዲን የተባለ ተመራማሪ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ጽፏል። አንዱ ምሳሌው የቢሮ የጋራ ካላንደር ነበር። ስብሰባ የሚጠራው ኃላፊ የሁሉንም ክፍት ሰዓት ወዲያው ያገኛል። ሌላው ግን ለዚህ ሲባል ውሎውን በየቀኑ ማስገባት አለበት። ለራሱ ምንም ስለማያገኝበት ይተወዋል።

እናንተ ጋ ይህ ሰው ፎርማኑ ነው። አሁን ፎቶ ያነሳል፣ በድምፅ «ይቺን እዩልኝ» ይላል፣ አለቀ። አዲሱ ፕሮግራም ፓስዎርድ ይጠይቀዋል፤ ፕሮጀክት ምረጥ፣ ርዕስ ጻፍ ይለዋል፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ እጁ ሲሚንቶ ሆኖ። ሪፖርቱ የሚያስደስተው አለቃችሁን ነው። ፎርማኑ ቢሮ ሳይደውል የመጨረሻውን ፕላን ከስልኩ የሚያገኝ ከሆነ ግን እሱም ተጠቀመ ማለት ነው። ካልሆነ ወደ ቴሌግራሙ ይመለሳል፤ እኔ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ቢሮ ካሉት ልጆች ሳይሆን ከእሱ ጀምሪ። አንድ ሳይት ብቻ ምረጪ። ፎቶ ሲልክ አጠገቡ ቁሚና ዝም ብለሽ እዪ፤ አታስረጂው። የቱ ጋ ግራ እንደሚገባው ራሱ ያሳይሻል። ዳታ አጥፍታችሁም ሞክሩት፤ ሳይት ላይ ኔትወርክ መጥፋቱ አይቀርም።

ሰዓቱንም እንዳትረሺ። «ነገ 3 ሰዓት» ለእኛ ጠዋት ነው። ፕሮግራሙ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነና 3:00 ብሎ ያስገባ ሰው ካለ፣ ቀጠሮው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቁጭ ይላል!

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ አለቃሽ ነው። ፕሮግራሙን ገዝቶ ሲያበቃ በቴሌግራም «የት ደረሰ?» እያለ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሠራተኛው መልሱን የሚሰጠው እዚያው ቴሌግራም ላይ ነው። በሙከራው ጊዜ ስለዚያች ሳይት በፕሮግራሙ ብቻ እንዲጠይቅ አስማሚው። ይህን እምቢ ካለ ግዢው ይቅርባችሁ። የቴሌግራም ግሩፑን ግን አትዝጉት፤ የበዓል ምስሉ የት ይሂድ?