የአባትሽ ሲቲ ስካን ስንት ጊዜ እንደቀራቸው ይናገራል ወይ?

እህቴ፣ በመጀመሪያ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ 71 ዓመታቸው ነው። የሳንባ ካንሰር ደረጃ 4 ተብለው ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያደርግ ሕክምና) ከጀመሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። አዲሱ ሪፖርት የዕጢዎቹ ድምር ከ62 ሚሊሜትር ወደ 70 ሄዷል ይላል፤ ከታች ግን «ለውጥ የለም» ብሎ ይደመድማል። ወንድምሽ ደግሞ ምስሉን አይቶ ቀሪ ዕድሜ የሚተነብይ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለ፣ ከፍለን እናስነብብ እያለ ነው።

እኔ እዚህ አሜሪካ ሲቲና ፔት ስካን የማነሳ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስቱ፣ ሕክምናውን የሚወስነው ኦንኮሎጂስቱ ነው። እኔ የማውቀው ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ቤተሰብ የሚደነግጠውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

ከ62 ወደ 70 ማለት 13 በመቶ ገደማ ነው። ዕጢ አድጓል ወይም ቀንሷል ለማለት ሬሲስት የሚባል መለኪያ አለ፤ አሁን የሚሠራበት እትም የ2009 ነው። ቢበዛ አምስት ዕጢ ይመረጥና የየአንዳንዱ ርዝመት ይደመራል። ድምሩ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ከነበረበት 20 በመቶ፣ ቢያንስም 5 ሚሊሜትር ካልጨመረ «አድጓል» አይባልም። ከመነሻው 30 በመቶ ከቀነሰ «ሕክምናው ሠርቷል» ይባላል። መሀል ላይ ያለው ሁሉ «ለውጥ የለም» ነው። አዲስ ዕጢ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ሪፖርታችሁ እርስ በርሱ አልተጋጨም።

ይሄ ሁሉ ክፍተት ለምን ተተወ? ልኬቱ ራሱ ስለሚዋዥቅ ነዋ። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ እጁን ከራሱ በላይ ይዘረጋል፣ «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ» ይባላል። የሚያስል ሰው ያቺን ጥቂት ሰከንድ መያዝ ያቅተዋል። በዚያች ቅጽበት ደረቱ ከተንቀሳቀሰ ከሳንባው ግርጌ ያለ ዕጢ ጠርዙ ይደበዝዛል። ከዚያ ራዲዮሎጂስቱ በማውስ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መስመር ይስባል። ጠርዙ እንደ ሸረሪት እግር የተበተነ ከሆነ አንዱ እዚህ ጋ ያቆማል፣ ሌላው እዚያ ጋ። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 32 የሳንባ ካንሰር ታካሚዎችን በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ አንስቶ ነበር። ዕጢ በ15 ደቂቃ አያድግም። ልኬቱ ግን አንድ ዓይነት አልወጣም።

ኢሚዩኖቴራፒ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንዳንዴ የመከላከያ ሴሎች ዕጢው ውስጥ ገብተው ያብጥና በኋላ ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል በ2017 የወጣው መመሪያ፣ ታካሚው ደህና ከሆነ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ በድጋሚ ይታይ ይላል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ በሳንባ ካንሰር ይሄ ብዙም አያጋጥምም። ቀጥሎም ከጨመረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእውነት አድጓል ማለት ነው።

ምስል ምንም አይተነብይም ማለቴ ግን አይደለም። ካንሰሩ ስንት ቦታ ደርሷል፣ ጉበት ወይም ጭንቅላት ገብቷል ወይ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። በፔት ስካን (ጨረር ያለበት ስኳር በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ ምስል ነው) ስኳሩን የሚስበው ዕጢ በመላ ሰውነት ሲደመር ብዙ የሆነባቸው ሰዎች በአማካይ ዕድሜያቸው አጭር ነው። የሚገርመው፣ ሲቲው ከዕጢው ውጭ ያለውንም ያሳያል። ወገብ አካባቢ ሦስተኛው አከርካሪ ላይ ጡንቻው ምን ያህል እንደቀረ ይለካል። ጡንቻቸው የመነመነ ታካሚዎች ሕክምናውን የመቋቋም አቅማቸው ያንሳል። አባትሽ ምን ያህል እየበሉ ነው? ኪሏቸውስ? እኔ ብሆን ከ8 ሚሊሜትሩ ይልቅ ይሄን እጠይቅ ነበር።

ፔት ስካን ከታዘዘ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስኳር የሚስብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቲቢም፣ የሳንባ ብግነትም ይበራል፤ ብግነቱን ራሱ ኢሚዩኖቴራፒው ሊያመጣው ይችላል። ከዚህ በፊት ቲቢ ታመው ከነበረ ለሐኪሙ ይነገር፤ እኛ አገር ብዙ ሰው ያለፈበት ነው። ምግቡም ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይቁም። «ምንም አልቀመስኩም፣ ቡና ብቻ» የሚሉ እናቶች ስንቴ ገጥመውኛል፤ ቡናው በሦስት ማንኪያ ስኳር!

ወደ ወንድምሽ ሐሳብ ልምጣ። ዘርፉ ራዲዮሚክስ ይባላል፤ ከምስል ላይ በኮምፒውተር ብዙ ቁጥሮችን ማውጣት ማለት ነው። በ2014 የወጣ ታዋቂ ጥናት ከ1,019 የሳንባ ወይም የራስና አንገት ካንሰር ታካሚዎች ሲቲ 440 መለኪያ አውጥቶ ዕድሜን የሚተነብይ ምልክት አገኘሁ አለ። ጉድ ተባለ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች መልሰው ሲፈትሹት፣ ምልክቱ በአብዛኛው የዕጢውን መጠን ብቻ ነበር የሚናገረው። ትልቅ ዕጢ የከፋ ነው ለማለት ደግሞ 440 ቁጥር አያስፈልግም። በዚያ ላይ ሲቲው ሰውነትን በስስ በስሱ ቆርጦ ስለሚያሳይ፣ ምስሉ በ1 ሚሊሜትር ውፍረት ሲቆረጥና በ5 ሲቆረጥ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ምርምሩ ይቀጥል፣ ደግ ነው። ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ግን አትክፈሉ። ቢሠራ እንኳ የሚነግራችሁ እሳቸውን የሚመስሉ ሰዎች በአማካይ ምን እንደሆኑ ነው።

ገንዘቡንም ጉልበቱንም ሌላ ቦታ አውሉት። የዘረመል ምርመራው ተሟልቷል ወይ? ኢጂኤፍአርና ኤኤልኬ የሚባሉት የካንሰሩ ዘረመሎች ታይተዋል? ፒዲ-ኤል1 (ዕጢው ሴሎች ላይ የሚለካ ፕሮቲን) ስንት ነው? ፒዲ-ኤል1 50 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው፣ ሁለቱ የዘረመል ለውጦችም በሌሉባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ፔምብሮሊዙማብ በሚባለው የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት ከጀመሩት 31.9 በመቶው፣ በኬሞ ከጀመሩት 16.3 በመቶው አምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። የዘረመሉንና የፒዲ-ኤል1ን ውጤት ከምስል ብቻ የሚያውቅ የለም።

ለሚቀጥለው ስካን ከተቻለ እዚያው ቦታ ሂዱ። ቦታ ከቀየራችሁ የድሮውን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። አባትሽ እንግሊዝኛ ካልለመዱ ደግሞ፣ ማሽኑ በተቀዳ ድምፅ ነው «ብሪዝ ኢን፣ ሆልድ ዩር ብሬዝ» የሚለው። አማርኛ የሚናገር ማሽን እስካሁን አላየሁም። ትርጉሙን ንገሪያቸውና ቤት ሆነው በጀርባቸው ተኝተው ጥቂት ጊዜ ይለማመዱት። ሳል ካስቸገራቸው ከመግባታቸው በፊት ለቴክኖሎጂስቱ ንገሩት፤ ቶሎ እንዲያልቅ ማስተካከል እንችላለን።