የጣሊያን ሶጆርኖ ይዤ ጀርመን ገባሁ፤ ለዜግነት የትኛው ዓመት ይቆጠርልኛል?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ጣሊያን ገብቼ ሮም ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ስተዳደር ቆይቻለሁ። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ ነዋሪ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ተሰጠኝ። በጃንዋሪ 2023 ወደ ሙኒክ ተዛውሬ፣ በዚያው ወረቀት መነሻነት የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አውጥቼ፣ ዛሬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሮም ያለው የኮሙኔ (የማዘጋጃ ቤት) ምዝገባዬ ግን በጓደኛዬ ቤት አድራሻ እንዳለ ነው፤ አልተሰረዘም። የማውቃቸው ሰዎች «ምዝገባሽ ካለ ምን ትጠብቂያለሽ? ለጣሊያን ዜግነት አመልክቺ» ይሉኛል። ማመልከት እችላለሁ? ካልቻልኩስ የጣሊያን ዓመቶቼ ጀርመን ውስጥ ይታሰቡልኛል? የኢትዮጵያ ዜግነቴስ ምን ይሆናል?
ጠያቂ፣ ከሙኒክ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሮሙ አድራሻ እንዳያመልክቱ አጥብቀን እንመክርዎታለን። ይህን ያስቀደምነው፣ የተሰጠዎት ምክር ቅን ቢመስልም ከባድ ጉዳት ሊያስከትልብዎ ስለሚችል ነው።

የጣሊያን የዜግነት ሕግ፣ ማለትም የ1992ቱ ሕግ ቁጥር 91፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው በነዋሪነት ለዜግነት ለማመልከት አሥር ዓመት በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህን ጊዜ ወደ አምስት ዓመት ለማውረድ በጁን 2025 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በቂ ድምፅ ሰጪ ስላልወጣ ውድቅ ሆኗል። አሥሩ ዓመት ያልተቋረጠ መሆን አለበት፤ ማመልከቻው በሚገባበት ቀንም አመልካቹ በእውነት በዚያ የሚኖር ሰው ሊሆን ይገባል። የኮሙኔው መዝገብ የነዋሪነት ማስረጃ የሚሆነው ከእውነተኛው ኑሮ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። እርስዎ ሙኒክ ተመዝግበው፣ ደመወዝዎን እዚያ እየተቀበሉ፣ ግብርዎን እዚያ እየከፈሉ «መኖሪያዬ ሮም ነው» ብለው ቢፈርሙ የሐሰት መግለጫ ሰጡ ማለት ነው፤ ይህም በጣሊያን ሕግ በወንጀል ያስጠይቃል። ከዚህም በላይ ማመልከቻው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ገቢ ስለሚጠይቅ፣ ከ2023 ወዲህ ያለው ክፍተት ወዲያውኑ ይታያል። ስለዚህ መዛወርዎን ለኮሙኔው በጽሑፍ ያሳውቁና ምዝገባው ይሰረዝ፤ ቤቷን አድራሻ ያደረገችልዎትን ጓደኛዎንም ከጭንቀት ያድናሉ።

አሥር ዓመት የሞላዎት በ2019 ነበር። በዚያን ጊዜ አለማመልከትዎ እኛንም ያሳዝነናል፤ ደጋግመን የምናየው ስሕተት ነውና። ሶጆርኖው ቋሚ ሲሆን ሰው ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስለዋል። የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ግን በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2003/109 የተሰጠ የመኖርና ወደ ሌላ አባል አገር የመዛወር መብት እንጂ የዜግነት ደጃፍ አይደለም። ዜግነትን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይሰጣል፤ የአንዱን አገር ዓመት ከሌላው ጋር ደምሮ የሚይዝ «የአውሮፓ ዓመት» የሚባል ነገር የለም። አሁንም ጣሊያን ያላችሁና አሥር ዓመት የሞላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ከማሰባችሁ በፊት ይህን አጢኑት፤ የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ሶጆርኖው ያላችሁ ሰዎች ከጣሊያንኛ የቋንቋ ምስክር ወረቀት ነፃ ስለሆናችሁ መንገዱ ለእናንተ ከሌላው ይቀላል። ማመልከቻው ከገባ በኋላም መልስ እስኪመጣ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ስለሚችል፣ እስከ ቃለ መሐላው ድረስ በአገሩ መቆየት እንደሚያስፈልግ አስቡበት።

ጀርመንን በተመለከተ ተስፋዎ ጥሩ ነው። ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ የሚፈለገው የነዋሪነት ጊዜ ከስምንት ወደ አምስት ዓመት ወርዷል። የጣሊያን ዓመቶችዎ አይታሰቡም፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከጃንዋሪ 2023 ነው፤ ስለዚህ በጃንዋሪ 2028 ይሞላል። በሦስት ዓመት የሚያስገኘው ልዩ መንገድ በ2025 መጨረሻ ስለተሻረ በእሱ አይተማመኑ። የያዙት ዓይነት ፈቃድ ለዜግነት ከማያበቁት ፈቃዶች መካከል አይደለም። የሚጠበቅብዎ ራስዎን የሚያስተዳድሩበት ገቢ፣ ከከባድ ወንጀል ነፃ መሆን፣ የቢ 1 (መካከለኛ) ደረጃ የጀርመንኛ ችሎታና የዜግነት ፈተና ነው። ፈተናው 33 ጥያቄዎች ሲኖሩት ሦስቱ ስለሚኖሩበት ክፍለ ግዛት፣ ማለትም ስለ ባቫሪያ ናቸው፤ 17ቱን የመለሰ ያልፋል። የዜግነት ማመልከቻው ክፍያ 255 ዩሮ ነው። ቋንቋውንና ፈተናውን ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ። ቤተሰብ ለመጠየቅ ኢትዮጵያ ሲሄዱ ግን ቆይታዎ ከስድስት ወር እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ካለፈ ቆጠራው ሊቋረጥ ይችላል። የጣሊያኑ የረጅም ጊዜ መብትዎም ከአገሩ በወጡ በስድስት ዓመት፣ ወይም ጀርመን የራሷን የረጅም ጊዜ ነዋሪነት በሰጠችዎ ጊዜ ያበቃል። ሮም ውስጥ ለጡረታ የከፈሉት መዋጮ ግን አይጠፋም፤ በሁለቱ አገሮች የሠሩበት ዘመን ለጡረታ መብት ተደምሮ ይታያል።

የአገራችንን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያጉላላው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። አንዲት ሴት ጥር 12 ቀን 1975 ዓ.ም. ብትወለድ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትክክለኛው ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 1983 ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጸሐፊው ዓመቱ ላይ ስምንት ይደምርና ቀኑንና ወሩን እንደነበሩ ይተዋቸዋል፤ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ 12/05/1983 ተብሎ ይጻፋል፤ የጀርመኑ ሠራተኛ ደግሞ ሜይ 12 ብሎ ያነበዋል። በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ቀን ካለ ሁለት ሰው ይመስላል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ወረቀት የአያት ስም ተጨምሮ በሌላው ከቀረ፣ ወይም በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ከተጻፈ ጥያቄ ያስነሳል። ፓስፖርትዎን፣ የልደት ወረቀትዎንና የጣሊያኑን ሶጆርኖ ጎን ለጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ልዩነት ካለ እርማቱን አሁኑኑ ያስጀምሩ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት ጊዜ ይወስዳል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ልብን የሚነካ ነው። ጀርመን ከ2024ቱ ለውጥ ወዲህ የቀድሞ ዜግነትዎን እንዲተዉ አትጠይቅም። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በአንቀጽ 20፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። በመሆኑም የጀርመን ዜግነት በያዙ ዕለት ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትዎን መጠቀም አይችሉም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲኖሩና እንዲሠሩ ያስችልዎታል። መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ግን አይፈቅድም። ወደፊት ሐሳብዎን ቢለውጡ፣ መኖሪያዎን ኢትዮጵያ አድርገው የውጭውን ዜግነት ትተው ካመለከቱ የቀድሞ ዜግነትዎን መልሰው የሚያገኙበት መንገድ በዚያው በዜግነት አዋጁ ተደንግጓል። እስከ 2028 ድረስ ጊዜ አለዎት፤ በዚህ ጉዳይ ከቤተሰብዎ ጋር ተረጋግተው ይምከሩበት።