ማይክሮፎን ከመጨበጣችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን አድምጡ

ውድ ልጆቼ፣

ወደ ማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ከበሩ ገብቶ ሳይቀመጥ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ “አየር ላይ የምወጣው መቼ ነው?” ጉጉቱን እወደዋለሁ፤ እኔም በዚያ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። መልሴ ግን ለዓመታት አልተለወጠም። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ቀን ስጡኝ። ከስቱዲዮው ራቁ፤ አንድ ተራ ሬዲዮ አጠገባችሁ አድርጉና ከመክፈቻው መለያ ዜማ እስከ ሌሊቱ ስንብት አድምጡ። ፕሮግራም በተለወጠ ቁጥር በደብተራችሁ ላይ ይህን መልሱ፤ በዚህ ሰዓት የሚያደምጠን ሰው እጁ ምን እየሠራ ነው?

ጋዜጣ ዐይንንም እጅንም ይይዛል። ቴሌቪዥን ዐይንን ይጠይቃል። ሬዲዮ የሚለምነው ጆሮን ብቻ ስለሆነ ሰው ሥራውን ሳያቋርጥ ይሰማናል። ብዙዎቻችሁ የፕሮግራም ሠንጠረዡን የምታዩት “የእኔ ሰዓት የትኛው ነው?” እያላችሁ ነው። እኔ በውስጡ የማየው የአካባቢውን ሰው ውሎ ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አድማጫችን ልጅ ያጥባል፣ ጫማ ይፈልጋል፣ በር ይቆልፋል። የሚሰጠን ግማሽ ጆሮውን ነው። የጠዋት አቅራቢ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚናገረውና ዜናውን በአጫጭር ዐረፍተ ነገር የሚያነበው ለዚህ ነው። የጋዜጣ አንባቢ ያልገባውን መስመር ተመልሶ ያነበዋል፤ ጆሮ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ክትባት የሚሰጥበትን ቀንና ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርታችሁ ካለፋችሁ፣ እንዳልተናገራችሁት ቁጠሩት።

ረፋዱ ላይ ቤት የሚቀሩት ይሰሙናል፤ አረጋውያን፣ ሕመምተኞች፣ ጨቅላ የታቀፉ እናቶች። የጤና ፕሮግራም እዚያ መቀመጡ ትክክል ነው፤ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ከሰዓት በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። የልጆችን ፕሮግራም ልጆች ራሳቸው ቢያቀርቡት ከእናንተ ይሻላሉ፤ እናንተ ሰዓት ጠብቁላቸው።

አሁን ልቤ ወደሚያደላበት ልምጣ። በሠንጠረዡ ላይ አንድም ወጣት የማይሽቀዳደምበት ክፍል አለ፤ የማስታወቂያና የመልእክት ሰዓት። የጠፋ ሰነድ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የውኃ መቋረጥ፣ የሐዘን ማስታወቂያ። ለእኔ የጣቢያው እምብርት ይህ ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ስለ ዓለም ሊነግሩን ይችላሉ፤ የጎረቤታችንን ሞት ግን አይነግሩንም።

በወጣትነቴ አንድ የሐዘን ማስታወቂያ ቀድሜ ሳላነብ ይዤ ገባሁ። በወረቀቱ ላይ የሟቹም፣ ማስታወቂያውን ያስነገረው ወንድሙም ስም ነበር። በችኮላ አቀያየርኳቸው። ቴክኒሺያኑ በመስታወቱ በኩል በእጁ ሲጠራኝ ገባኝና ወዲያው ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩ። ግን መርዶውን እንደ ሰሙ ሬዲዮውን ዘግተው እያለቀሱ የወጡ ዘመዶች ነበሩ፤ እርማቴን አልሰሙም። የሰማ ሁሉ እርማቱን እስኪሰማ ቁጭ ብሎ እንደማይጠብቀን የተማርኩት በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ስም ድምፄን አሰምቼ ሳላነብ፣ አጠራሩንም ከባለቤቱ ሳልጠይቅ ስቱዲዮ አልገባሁም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከሐዘን ማስታወቂያ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ዝምታ ቢኖር አትፍሩ፤ የሚጨፈርበትን ዘፈን አስከትሎ ከመልቀቅ ይሻላል።

የመልእክት ሰዓት ትንሽ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ የቦሊቪያን የማዕድን ሠራተኞች ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡ። ከደመወዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን ሬዲዮ ጣቢያዎች ያቆሙ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1980 ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ሲካሄድ እነዚያ ትንንሽ ጣቢያዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ዜና ማሰራጨታቸውን ቀጠሉ፤ ወታደሮች ገብተው ዝም እስኪያሰኟቸው ድረስ። በዚያ ክፉ ቀን ሕዝቡ ያመናቸው፣ በደህናው ቀን የቤተሰብና የሠራተኛ ማኅበር መልእክቱን ሲያደርሱለት ስለኖሩ ይመስለኛል። እምነት በአንድ ሌሊት አይበቅልም።

ከእነርሱ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ1947 በኮሎምቢያ ሱታቴንሳ በምትባል መንደር ሆሴ ሆአኪን ሳልሴዶ የተባሉ ወጣት ቄስ ፊደል ላልቆጠሩ ገበሬዎች ሬዲዮ አቋቋሙ። ቤተሰብና ጎረቤት በአንድ መቀበያ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ከመካከላቸው ማንበብ የሚችለው ሰው የተባለውን በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያግዛቸዋል። ቄሱ እጅ ምን እንደሚሠራ አስበው ነበር፤ ጠመኔ አስያዙት። በደቡብ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2008 አየር ላይ የወጣውን ሳንጋም ሬዲዮ የሚመሩት ደግሞ ከተገፋው የዳሊት ማኅበረሰብ የመጡ ገበሬ ሴቶች ናቸው። ሥርጭታቸው ምሽት ላይ ነው፤ ከእርሻ የተመለሰች ሴት በምትሰማበት ሰዓት።

ምሽት የውይይትና የስልክ ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ስጋቴን ልንገራችሁ። የሚደውሉት ብዙ ጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ስልክና ጊዜ ያላቸው፣ መናገር የለመዱ። ደዋይ በዛ ማለት ማኅበረሰቡ ተናገረ ማለት አይደለም። በማለዳ መቅረጫ ይዛችሁ ወደማይደውሉት ሂዱና ድምፃቸውን አምጡ። ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አርቁና ጥቂት ወደ ጎን አዘንብሉት፤ ትንፋሽ እንዳይመታው። ከዚያ ዝም በሉ። ወጣት ጠያቂ ዝምታ ስለሚያስፈራው ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዋናው ነገር የሚወጣው ከዚያች ዝምታ በኋላ ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር የፕሮግራሞች መተላለፊያ ነው። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ሰዓታችን ሲደርስ እንሮጣለን፣ ሲያልቅ ሹልክ እንላለን። አንዲት እናት ልጇን በወሊድ ስላጣችበት ቀን ተናግራ ስትጨርስ የስፖርት አቅራቢያችን እየጮኸ ሲገባ ሰምቻለሁ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ከእርሱ በፊት ምን እንደተነገረ አያውቅም ነበር። አድማጭ ግን ጣቢያ አልቀየረም፤ ያው አንድ ሰው በአንድ ልብ ነው የሚሰማው። ከሰዓታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና ከእናንተ በፊት ያለውን አድምጡ፤ ስትገቡም አንድ ቃል አንሡለት።

ወደ ሌሊት ስንቀርብ የፕሮግራሙ ጥድፊያ ይበርዳል፤ ቀስ ያለ ሙዚቃ፣ የአድማጭ ደብዳቤ፣ ከዚያ ስንብት። ብዙዎቻችሁ “በዚህ ሰዓት ማን ይሰማል?” ትላላችሁ። አንድ ሌሊት ደክሞን ነበርና ከሰዓታችን አምስት ደቂቃ ቀድመን፣ ስንብቱንም ሳናነብ ማሰራጫውን ዘጋነው። በማግስቱ ማለዳ አንድ የሌሊት ጥበቃ ከሥራ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሙ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እንደ ዘመድ ዐይን ዐይኔን እያዩ፣ “ትናንት ምነው ሳትሰናበቱኝ ሄዳችሁ?” አሉኝ።