መልስ፦ የኮሮና ጊዜ ክፍተትና የማዕረግ እድገት
«በኮሮና የመስክ ሥራዬ ተቋርጦ የጥናት ጽሑፍ ጎደለኝ፣ የመምህራን ማዕረግ እድገት የሚያየው ኮሚቴ እንዴት ይረዳኛል?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ሲቪ ብቻ አታስገባ። አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዝ። ዩኒቨርሲቲዎች መጋቢት 2012 መዘጋታቸውን ማንም አይክድም፤ የሚረሳው አንተ ያኔ ምን ስትሠራ እንደነበር ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችህን በቴሌግራም ማማከርህን፣ ስትመለሱ የተጨናነቀውን ሴሚስተር ማስተማርህን ሁሉ ጻፍ፤ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ ወጥተን ስናማክር የነበርን ሰዎች እናውቀዋለን፣ ይሄም ሥራ ነው። ተማሪዎች ለአንተ የሰጡት ግምገማ በዚያ ሴሚስተር ከወረደብህ ከቀድሞዎቹ ጎን አስቀምጠው፣ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። እነዚያ ወራት አይቆጠሩብኝ ማለትም ልመና አይደለም። ግን ዲፓርትመንቱ ከመሰብሰቡ በፊት በጽሑፍ አስገባ፤ በቃል ከነገርካቸው ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባልህም።